ዋስ የሌለው ሠራተኛና ፍርድ

የኢትዮጵያ ሕዝብ ፍርድ ወዳድ ነው ይባላል፤ ይህም ውሸት አይደለም። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ የተጣሉ እንደ ሆነ የሚያልፈውን ሽማግሌ «በሕግ አምላክ፣ ይዳኙን» ብለው ያቆሙት ነበር። እርሱም ስንቁን አውርዶ፣ ከዛፍ ጥላ ተቀምጦ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች ነገር አዳምጦ ይፈርድ ነበር። ይህ ሰው የመንገድ ዳኛ ይባል ነበር። ከሳሽና ተከሳሽም የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበት ልማድ ነበረን። እንዲህ ያለ ልማድ የነበረው ሕዝብ፣ እንጀራ ፍለጋ ከቀዬው ርቆ የሚሠራው ልጁ በተበደለ ጊዜ ዳኛ ሲያጣ ዝም ብሎ ማየቱ የሚያስገርምም የሚያሳዝንም ነገር ነው።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት የሥራ ሕጋችንን ነው። ምርመራ ማለት ነቀፋ ብቻ አይደለም፤ አንጥረኛ ወርቁን በእሳት የሚፈትነው ስለሚጠላው እንዳይደለ፣ እኔም ሕጉን የምፈትነው ስለማከብረው ነው። የምፈትንበትም እሳት ከዳባትና ከደባርቅ፣ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ ወደ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ኑሮ ነው።

ከጎንደር ወደ ሰሜን መንገድ የሄደ ሰው መጀመሪያ ዳባትን፣ ቀጥሎም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ደባርቅን ያገኛል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር ያበቅላል። መሬቱ ግን ገደላማ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ቍጥር እያነሰ የሄደ ነው፤ ጎርፍም አፈሩን አጥቦታል። ሐምሌ በገባ ጊዜ ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ አዲሱ እህል ገና ቡቃያ ነው። በዚህ ጊዜ ጕልማሳው ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ጥቂት በሶ በስልቻ ቋጥሮ ወደ ቆላ ይወርዳል። ከፊሉ በጎንደርና በአይከል አድርጎ ወደ መተማና ወደ ቋራ፣ ከፊሉም በአርማጭሆ በኩል ወደ ሑመራ ይሄዳል። በክረምቱ የሚወርደው ለአረም ነው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚወርደው ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ከልዩ ልዩ አውራጃ ተሰብስቦ በየዓመቱ ወደነዚያ እርሻዎች የሚወርደው ሠራተኛ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ነው።

ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው። ደርሶ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ያለበት ቋት ይሰነጠቅና እህሉ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያች ሳምንት ሠራተኛው ጌታ ነው፤ ዋጋው ከቀን ወደ ቀን ይወጣል፤ ደላላው ይሻማዋል፤ ካቦው ይለማመጠዋል። ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ሊደርቅ ከቆመ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እህሉ ከአደጋ ወጥቷል፤ የሠራተኛው ጕልበት አያስፈልግም፤ ደመወዙ ግን ገና በባለ እርሻው እጅ ነው። እንግዲህ ሠራተኛው በሕግ እንጂ በሌላ በምንም የማይታገዝበት ሰዓት ይህ ነው። ሕግ የሚመዘነውም በዚህ ሰዓት በሚሠራው ሥራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር ማለቂያ በደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ካለ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት የማይሞላ አንድ ልጅ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከንፈሩ በንዳድ ደርቋል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። «ከየት ነው የምትመጣው፣ ወንድሜ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከሰሊጥ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። የአገሩን ስም አልጠራም፤ ሰሊጥ ለእርሱ የአገር ስም ሆኗል።

ከዚያም ነገሩን አጫወተኝ። ወላጆቹ ከዳባት በታች ባለ መንደር የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ሁለት ወር ሠርቷል። የምግቡ ዋጋ ከደመወዙ ይቀነስ ነበር፤ ስንት እንደ ተቀነሰ የሚያውቀው ግን ካቦው ብቻ ነው። ሥራው ባለቀ ጊዜ «ሰሊጡ ሲሸጥ ትከፈላላችሁ» ተባሉ። ጓደኞቹ ሁለት ሳምንት ጠብቀው፣ ስንቅ ሲያልቅባቸው የተሰጣቸውን ይዘው ተበተኑ። እርሱ ግን «መብቴን ሳልይዝ አልሄድም» አለ። በማግስቱ ሸራ ሰርቀሃል ተብሎ ተከሰሰ።

«ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ፤ ‹ዋስ ጥራ› አሉኝ። እዚያ አገር ማን ያውቀኛል፣ ጋሼ? አንድ ሌሊት አድሬ፣ ምስክር የሚሆን ሰው ሲጠፋ ለቀቁኝ። እኔም የደመወዜን ነገር ለፖሊሱ ነገርሁት። ‹የአሠሪህ ሙሉ ስም ማን ነው?› አለኝ። እኛ ባለ ነጩ መኪና ነበር የምንለው። ‹ውል አለህ?› አለኝ፤ የለኝም። ‹አብረውህ የሠሩት የት አሉ?› አለኝ፤ ሄደዋል። ከዚያ ለመሳፈሪያህ ብሎ ከኪሱ ሃምሳ ብር ሰጠኝ። ክፉ ሰው አልነበረም።»

አንባቢ ሆይ፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የመጨረሻው ቃል ነው። በእርግጥ ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከባለ እርሻውና ከካቦው በቀር ክፉ ሰው የለም፤ ፍርድ ግን ጠፍቷል። ልጁ ፍርድ ለመነ፤ የተሰጠው ምጽዋት ነው። ምጽዋት ሰጪውን ያስመሰግናል፤ ፍርድ ግን ማንንም ሳያስመሰግን ለባለ መብቱ የሚገባውን ይሰጣል። አንዱ በሌላው ቦታ የገባ እንደ ሆነ ድኻው ሁልጊዜ ለማኝ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1956፣ በ1968፣ በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. አምስት ጊዜ ታውጇል። የመጨረሻው አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ነው። ይህን አዋጅ ገልጦ ያነበበ ሰው የሚያመሰግነው ብዙ ነገር ያገኛል። የሥራ ውል የተለየ ፎርም እንደማያስፈልገውና በቃል የተደረገም ውል ውል እንደ ሆነ ይናገራል። በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል፤ አሠሪው ይህን ባያደርግም ሠራተኛው መብቱን እንደማያጣ ያረጋግጣል። በየዓመቱ የሚመላለሰውን የወቅት ሥራ ለይቶ ጠርቶታል። ሥራው ሲያበቃ የሠራተኛው ገንዘብ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲከፈል፣ አሠሪው ያዘገየ እንደ ሆነም ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ገንዘብ ጨምሮ ሊያስከፍለው እንዲችል ይደነግጋል። ሠራተኛው ክስ ሲያቀርብ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። የሥራ ክርክር ችሎቱም ነገሩን በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ታዟል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው በአንቀጽ 37 ይናገራል፤ ስለ ሠራተኛ መብት በሚናገረው በአንቀጽ 42 ውስጥም የእርሻ ሠራተኛውን ሳይረሳ ይጠራዋል።

ታዲያ ሕጉ እንዲህ ያማረ ከሆነ፣ ያ ልጅ ስለ ምን ባዶ እጁን ተመለሰ? «ሕጉ መልካም ነው፤ ሰዎቹ ግን አይሠሩበትም» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። ይህ መልስ እውነት ቢኖረውም የጎደለ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ጕድለቱ ከዚህ ይጠልቃል፤ ይኸውም ሕጉ የተጻፈው በአንድ ስፍራ ለሚኖር፣ ለሚታወቅ ሰው ስለ ሆነ ነው።

ነገሩን አንድ በአንድ እንመልከተው። መጀመሪያ ወረቀቱን እንውሰድ። አሠሪው የውሉን ጽሑፍ በ15 ቀን ይስጥ ተብሏል። ለፋብሪካ ሠራተኛ 15 ቀን አጭር ጊዜ ነው። ለአረም የወረደ ሰው ግን በአንድ እርሻ የሚቈየው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ወረቀቱ የሚሰጥበት ቀን ሳይደርስ ሥራው አልቆ ወደ ሌላ እርሻ ተሻግሯል። እንግዲህ ትእዛዙ ሳይሻር እንደ ተሻረ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው የይርጋ ነገር ነው። የደመወዝ ጥያቄ ገንዘቡ መከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አሁን የልጁን ዓመት ቍጠርለት። ደመወዙ የሚገባው በኅዳር ነው። በኅዳር ማለቂያ ታሞ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ወባ ብቻ ሳይሆን በቆላው የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው ካላዛርም ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ሠራተኛው ወደ ደጋው ከተመለሰ በኋላ ነው። በታኅሣሥና በጥር የአባቱን እህል ይወቃል። በሚያዝያ ያርሳል፤ በግንቦት ይዘራል። ወደ ቆላው መመለሻ ገንዘብም ጊዜም የሚያገኘው በሐምሌ ነው። 6 ወሩ ግን በግንቦት አልቋል። በሐምሌ ያን ባለ እርሻ በዓይኑ ያየዋል፤ ዳሩ ግን ይርጋው ቀድሞታል። ሕጉ የእርሻ ሠራተኛን ያውቃል፤ የእርሻን ወራት ግን አያውቅም።

ሦስተኛው ቦታና ቀጠሮ ነው። እርሻው መተማ፣ ቤቱ ደባርቅ የሆነ ሰው ለአንድ ቀጠሮ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ መሄድና ያንኑ መመለስ አለበት። ከሳሽነቱ ነፃ ነው፤ አውቶቡሱ ግን ነፃ አይደለም፤ ማደሪያውና ምግቡም ነፃ አይደሉም። ተከሳሹ ሳይቀርብ ቀርቶ ሁለት ጊዜ ከተቀጠረ፣ የሚጠይቀው ደመወዝ በመንገድ ላይ አለቀ። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ጦርነትና በመንገድ ላይ የሚደረገው እገታ ሲጨመርበት ደግሞ፣ ለቀጠሮ መሄድ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ነፍስም የሚያስከፍል ሆነ።

አራተኛውና ከሁሉም የሚብሰው መታወቅ ነው። በአገራችን የፍርድ ሥራ ላይ ትንሽ ያስተዋለ ሰው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመታወቅ ላይ የቆመ መሆኑን ያያል። ምስክር ማለት የሚያውቅህ ሰው ነው። ዋስ ማለት የሚያምንህ ሰው ነው። አድራሻ ማለት የምትገኝበት ቤት ነው። ሽማግሌ ማለት አባትህን የሚያውቅ ሰው ነው። ያው ልጅ በዳባት ገበያ ገንዘቡን ቢቀማ ኖሮ አጎቱ ይመጣ ነበር፤ የነፍስ አባቱና የእድሩ ዳኛ ይመጡ ነበር፤ የቀበሌው ሊቀ መንበርም የአባቱን ስም ጠርቶ ይናገርለት ነበር። ቆላ ሲወርድ ግን ይህ ሁሉ ከሊማሊሞ ጉም ጋር ወደ ኋላ ይቀራል። ባለ እርሻው በዚያ አገር የታወቀ ነው፤ ሽማግሌዎቹም የእርሱ ወዳጆች ናቸው። ስለዚህ «በሽምግልና ጨርሱ» የሚለው፣ በደጋው መልካም የሆነ ምክር፣ በቆላው ለሠራተኛው ወጥመድ ይሆንበታል። በቆላው ዓመታት ያስቈጠሩት፣ ሳሉግ የሚባሉት ሠራተኞች እንኳ ከአዲስ መጪው የሚሻሉት ጕልበታቸው ስለሚበልጥ ብቻ አይደለም፤ ማን ከፋይ ማን አታላይ እንደ ሆነ ስለሚያውቁና እነርሱም ስለሚታወቁ ነው።

እንግዲህ የነገሩ ሥር ይህ ነው፤ ሕጉ ፍርድን ከገንዘብ ነፃ አወጣው፤ ከመታወቅ ግን ነፃ አላወጣውም። የዳኝነት ገንዘብ የማይከፍለው ድኻ ዋስና ምስክር ይከፍላል፤ ይህን ደግሞ የሚያበድረው የለም።

ፍርድ የሁለት ወገን ነውና የባለ እርሻውንም ነገር መስማት ይገባል። ባለ እርሻው እንዲህ ይላል፤ «ሠራተኛው ቅድሚያ ገንዘብ ተቀብሎ በሌሊት ይጠፋል፤ ጎረቤቴ አምስት ብር ሲጨምርለት ውሉን ጥሎ ይሄዳል፤ ዝናብ ያለ ጊዜው ከወረደ ወይም የሰሊጥ ዋጋ ከወደቀ እኔም ባለ ዕዳ ነኝ።» ይህ ሁሉ የሚሆን ነገር ነው። ዳሩ ግን ነገሩን ልብ ብለን ብናየው የባለ እርሻው ስሞታ የሠራተኛውን ክስ አያፈርሰውም፤ ያጸናዋል እንጂ። ቅድሚያ ገንዘብ መሰጠቱ፣ የዋጋው ልክ፣ የሥራው ቀን በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ባለ እርሻውም በጠፋው ሠራተኛ ላይ ማስረጃ ይኖረው ነበር። ወረቀት የሁለቱም ዋስ ነው። የገበያው ኪሳራ ደግሞ የነጋዴነት ዕዳ ነው፤ ትርፉን ያላካፈለ ሰው ኪሳራውን ላካፍል ሊል አይችልም። ኦሪትም ብትሆን የድኻው ምንዳ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ታዛለች እንጂ እህሉ እስኪሸጥ አትልም።

ስለ ሰው አገር ግፍ ሲነገር ሁላችንም ደማችን ይፈላል። በ2004 ዓ.ም. አንዲት ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ በቤይሩት ከቆንስላችን ደጃፍ ስትጐተት ዓለም በሥዕል አየ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም መሞቷን ሰማን። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ተባርረው ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ የሠሩበትን ደመወዝ ሳይቀበሉ እንደ መጡ ሰማን። ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ሠራተኛውን ለአሠሪው አስሮ የሚሰጥ መሆኑን፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ ያደረገ መሆኑን ተምረን ነቀፍን። መንቀፋችን ትክክል ነው።

ነገር ግን እስኪ ወደ ቤታችን እንመልከት። ከላይ ያመሰገንሁት አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ራሱ ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት፣ ይኸውም የቤት ሠራተኛዋን፣ ከወሰኑ ውጭ አድርጓታል፤ የእርሷ ጉዳይ ሌላ ደንብ እንዲወጣለት ትቶታል። ከደባርቅ ወንድሙ ወደ ሰሊጥ ሲወርድ፣ እኅቱ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሰው ቤት ትሄዳለች። ወንድሙ በሕጉ ውስጥ ተጽፎ በሩ ጠበበው፤ እኅቱ ደግሞ ከነጭራሹ ከበሩ ውጭ ቀረች። በቤይሩት ያወገዝነውን ነገር በአዲስ አበባ በልዩ ስም ካስቀመጥነው ቍጣችን ምን ዋጋ አለው? የጎረቤቱን ጕድፍ የሚያይ የራሱን ምሰሶ ይመልከት የሚባለው ለዚህ ነው።

የእንግዳ ሠራተኛ አለመታወቅ እስከ ሞት እንደሚደርስም እናውቃለን። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በማይካድራ ሰዎች በዘራቸው ተለይተው ተገደሉ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለሥራ የወረዱ የዐማራ ተወላጆች ነበሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጀመሪያው ሪፖርቱ ቢያንስ 600 ሰዎች መገደላቸውን ገለጠ፤ ኮሚሽኑ በኋላ ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ያደረገው ምርመራ ደግሞ ከ200 በላይ የሚሆኑትን ጠቅሶ፣ ከዚያ በኋላ በትግራይ ተወላጆች ላይ የበቀል ግድያ መፈጸሙንም መዝግቧል። የቍጥሩ መለያየት ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ሲወርድ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ሲሞትም በትክክል አይቈጠርም። የእነዚህ ሁሉ ደም የሚጠይቀው በቀልን ሳይሆን ፍርድን ነው፤ በቀል ሌላ የማይታወቅ ሰው ይገድላልና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሕጉን ማፍረስ አይደለም፤ በሩን ማስፋት ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በውል የተነሣ ክስ ውሉ በተደረገበት ቦታ ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚችል ይናገራል። ደላላው ልጁን የቀጠረው በዳባት ወይም በደባርቅ ገበያ ከሆነ፣ ክሱን በዳባት ወይም በደባርቅ ተቀብሎ መስማት የሚቻልበት መንገድ አለ ማለት ነው። ይህን መንገድ ዳኞች ቢያሰፉት፣ ከሳሹ 300 ኪሎ ሜትር ከመሄድ ይድን ነበር። በአጨዳው ወራት ደግሞ ችሎቱ ራሱ ወደ እርሻዎቹ ቢወጣ፣ ምስክሮቹ ሳይበተኑ፣ ሰሊጡም ሳይጫን ነገሩ ባንድ ቀን ያልቅ ነበር። ተዘዋዋሪ ችሎት በአገራችን ያልተሰማ ነገር አይደለም፤ የመንገድ ዳኛ ልጅ ነው። ይርጋውም ለወቅት ሠራተኛ አንድ ዙር ዓመት ቢሆን፣ ልጁ በሐምሌ ሲመለስ መብቱን ሕያው ሆኖ ባገኘው ነበር።

ይህ የመንግሥትና የሕግ ዐዋቂዎች ሥራ ነው። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ወጣቶች ናችሁና ለእናንተ የሚቀር ሥራ አለ። እስኪ በሰኔ ማለቂያ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት መናኸሪያ ሂዱ። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ የተቀመጠውን ሰው ታያላችሁ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ መጻፍ የማይችሉ ወይም መጻፍ ኖሯቸው ስለ ውል ያላሰቡ ናቸው። የተማረ ወጣት በእጁ አንድ እስክሪብቶ አለው። በአንድ ቍራጭ ወረቀት ላይ የሠራተኛው ሙሉ ስምና የቤተ ሰቡ ስልክ፤ የአሠሪው ሙሉ ስም እንጂ የቅጽል ስሙ ሳይሆን፤ የደላላው ወይም የካቦው ስም፤ የእርሻው ቦታ፤ የተዋዋሉት ዋጋ በቀን ወይም በመሬት ልክ፤ ለምግብ የሚቀነሰው፤ ሥራ የሚጀመርበት ቀን ቢጻፍና ሁለት አብረውት የሚሄዱ ሰዎች ቢፈርሙበት፣ ያ ወረቀት በፖሊስ ፊትም በዳኛ ፊትም አፍ ያለው ነገር ይሆናል። ቅጂው በቤቱ ይቀመጥ፤ ስልክ ያለው ደግሞ በስልኩ ሥዕሉን ያንሣው። አሠሪው ባይፈርምበት እንኳ ከምንም ይሻላል፤ ባዶ እጁን ከሚናገር ሰው ይልቅ የተጻፈ ነገር የያዘ ሰው ይደመጣልና። ስለ 6 ወሩ ይርጋም ንገሩት፤ «ሳይከፍልህ ከቀረ ግንቦት ሳይገባ አመልክት» በሉት። የሕግ ትምህርት የምትማሩ ደግሞ፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጠት የለመዱ መሆናቸውን አስታውሱ፤ ዛሬ ደባርቅም ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት።

ይህን በማድረግ ዓለምን እንለውጣለን አልልም። ወረቀቱን የሚቀድድ ካቦ አይጠፋም፤ ወረቀቱን አይቶ ዝም የሚል ሹም አይጠፋም። ነገር ግን የበደል ትልቁ ረዳት ጨለማ ነው። ስሙ የተጻፈ ሰው ከጨለማው አንድ እርምጃ ወጥቷል።

ያ ልጅ ሻዩን ጠጥቶ ሲነሣ፣ ፖሊሱ የሰጠውን ሃምሳ ብር ለምን እንዳላጠፋው ጠየቅሁት፤ ከኪሱ አውጥቶ አሳይቶኝ ነበርና። «ለእናቴ ባዶ እጄን ከምገባ ብዬ ነው፣ ጋሼ፤ ደመወዜ ነው እላታለሁ» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ በሐሩር ያጨደ ሰው የሌላውን ምጽዋት ደመወዜ ብሎ ለእናቱ ወሰደ። የሚገባው ደመወዝ ግን በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ እዚያው ቀርቷል። ከመጽሐፉ አውጥቶ ወደ እናቱ ቤት የሚያደርሰው ዳኛው ብቻ አይደለም፤ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሁሉ ነው።